ሽፋኑ የመሰከረው

«በገዛ እጅሽ አጠጣሽው! አባቴን ገደልሽው!»

«ጠዋት ጠዋት የምሰጠውን ሻይ ነው የሰጠሁት፤ ምን ልበልሽ ልጄ?»

«ልጄ አትበይኝ! ድሮስ የእንጀራ እናት!»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ኬሚካል ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ከተገኘ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ምክትሉ ሐኪም አስከሬኑን መርምሮ «የሚያቃጥል መርዝ ጠጥቷል፤ የምግብ ቧንቧው ተቃጥሏል» ብሎ ፈርሟል። ፊርማው ከጸና የሟቹ ሚስት ዛሬውኑ ወህኒ መውረዷ ነው።

የፖሊስ መርማሪዋ ጭቅጭቁን ያልሰማች ይመስል ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። ከመስኮቱ ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል።

«ዶክተር፣ ናሙናውን ማን ቆረጠው?» አለችው ምክትሉን።

«እኔው። መምህሬን ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥም።»

«ስንት ዓመት በማይክሮስኮፕ ስላይድ አነበቡ?»

«ሃያ። ዓይኔን ጨፍኜም አነባለሁ።»

«የምግብ ቧንቧ ሽፋን ምን ይመስላል? ለልጅ እንደሚነገር ይንገሩኝ።»

«ጠፍጣፋ ህዋሶች ናቸው፣ ተደራርበው። የሚዋጠው ነገር ላዩን ሲፍቀው ታቹ ይተካል።»

«የአየር ቧንቧስ?»

ምክትሉ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለከተ። «ረጃጅም ህዋሶች… ጫፋቸው ላይ አቧራ የሚጠርግ ፀጉር ያላቸው።»

መርማሪዋ የሟቹን ልጅ ጠራቻት። «ነይ እስቲ እዪ። ካልተቃጠለው ጠርዝ ላይ ምን አለ?»

ልጅቱ ጎንበስ አለች። «እንደ ፀጉር ያለ… ድርድር ብሎ።»



«ይህ የአየር ቧንቧ እንጂ የምግብ ቧንቧ አይደለም» አለች መርማሪዋ። «'የአየር ቧንቧ' ተብሎ ከተጻፈበት ጠርሙስ ያለውንም ናሙና ዛሬ ለሌላ ባለሙያ ሰጥቼ አስቆርጬዋለሁ፤ ጠፍጣፋ፣ ድርብርብ፣ ጤነኛ። ጽሑፎቹ ተለዋውጠዋል። ሟቹ መርዙን አልጠጡም፤ ተነፈሱት። የአሲድ ጭስ በሞላው ክፍል ከውጭ ተቆልፎባቸው። ከእሳቸው ሌላ ቁልፍ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው።»

«ጽሑፍ ቢለዋወጥ ስህተት ነው! ሰው አይሳሳትም?»

«ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነብ ሰው? ስላይዱን አይተው ነው የፈረሙት። ፖሊስ ወረቀት እንጂ ማይክሮስኮፕ አያይም ብለው ናቁን። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ዶክተር። ከዚህ በፊትም የአንዲት ጤነኛ ሴት የማህፀን በር ሽፋን በስላይድ አይተው ካንሰር ነው ብለው ማህፀኗን አስወጥተዋል። ሟቹ በዚሁ ጉዳይ ሊያመለክቱብዎ የጻፉት ደብዳቤ መሳቢያቸው ውስጥ ነበር።»

ምክትሉ ከማይክሮስኮፑ ራቀ። «ሃያ ዓመት ለፍቼ… መምህሬ በአንዲት ስላይድ ስሜን ሊያጠፋው…»

ፖሊሶቹ ካቴናውን አወጡ። ልጅቱ ጮኻ ተወረወረችበት፤ ሠራተኞቹ ተጋፍተው ያዟት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። የሟቹ ሚስት ከወንበሯ ተነሥታ ሻርፗን አስተካከለች፤ ከጀርባቸው አልፋ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።