ኤሊ ታች እየጠበቀ ነው

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም... እንዲያውም ጨምሬበት በሆነ ደስ ባለኝ።

በጨለማ የሆነ ነገር ደግሞ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት።

ሥራዬ የኢንሹራንስ መርማሪነት ነው። የከባድ መኪና ኢንሹራንስ ከመታደሱ በፊት ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን አይቼ ቅጹ ላይ «በአካል ተገኝቼ አይቻለሁ» ብዬ እፈርማለሁ።

አይቻለሁ እላለሁ እንጂ... አላይም።

እኛ ቢሮ ማንም አያይም። ባለንብረቱ ፎቶ ይልካል፣ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠን እንፈርማለን። ፎቶው ካላማረ የምንተካበት አንድ የጥሩ ጎማ ፎቶ ነበረን። የስንቱ መኪና ፋይል ውስጥ እንደገባ እኛም አናውቅም። «ይቺ ጎማ አገር አዳረሰች» እያልን እንስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ ዝናብ በሚጥልበት በአንድ ቀን ነው። አንድ የተሳቢ ሹፌር የረጠበ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቢሮዬ ገባ። ጓደኞቹ ኤሊ ነው የሚሉት። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንዲት ዶሮ አልገጨም።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሼ... በሞቴ፣ መኪናዬን ይጣሉልኝ።»

«ምን?»

«አያልፍም ይበሉልኝ። ፍሬኑ አይዝም። ቁልቁለት ላይ ሁለቴ ከድቶኛል። ባለቤቱን ብለምነው፣ ‹ከፈራህ ቁልፉን አስቀምጥና ሂድ› አለኝ። እርስዎ ከጣሉት ግን ሳይወድ በግዱ ያሠራዋል።»

ሹፌር ሁሉ አሳልፉኝ እያለ ሲለምነን፣ ይሄ ጣሉኝ ብሎ መጣ።

«እሺ፣ ታች ጠብቀኝ። መጣሁ።»

መኪናውን ከመስኮቴ ሥር አቁሞ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ በአጭሩ ክላክስ አደረገ።

ጲጵ... ጲጵ።

ዝናቡን አየሁት። ጫማዬን አየሁት። አዲስ ነበር።

ፈረምኩ።

መኪናው አልፏል የሚለውን ወረቀት ጸሐፊዋ ወስዳ ሰጠችው። ተቀብሎ ቀና አለና ወደ መስኮቴ አየ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ታች ገበያ ነበር፣ ሰው እንደ አሸዋ። ኤሊ መሪውን ወደ ገደሉ አዞረው። ከእሱ በቀር የሞተ የለም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ አደጋውን እንድመረምር የተላክሁት እኔው ነኝ።

የተጋጩ መኪኖች የሚቀመጡበት ግቢ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ጥበቃው በሩን ከፈቱልኝ። ሽማግሌ ናቸው። ወደ ኤሊ መኪና አንገታቸውን አሰገጉ።

«ልጄ... ሹፌሩ ግን ለምን አይወርድም?»

«የቱ ሹፌር፣ አባባ?»

«ያ ጋቢናው ውስጥ ያለው። ሰው እየጠበቅሁ ነው አለኝ። ደግሞ በዚህ ፀሐይ የት ረጥቦ እንደመጣ እንጃ።»

ጋቢናው ተጨፍልቆ ድመት እንኳ የማያስገባ ሆኗል። ዓይናቸው ደክሟል ብዬ አለፍኩ።

መኪናው ሥር ገብቼ ፍሬኑን አየሁ። ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋር ተፋጭቷል። ከስንት ዓመት በኋላ በዓይኔ ያየሁት የመጀመሪያው ፍሬን ይሄ ነበር።

ይሄንን ከጻፍኩ የኤሊ ሚስትና ልጆች ካሳቸውን ያገኛሉ፤ እኔ ግን ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ስለፈረምኩ እታሰራለሁ። ካልጻፍኩ ጥፋቱ የሟች ይሆናል።

ያኔ አንገቴ ላይ ውኃ ጠብ አለብኝ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ሌላ ጠብታ... ቅጹ ላይ።

ከዚያ፣

ጲጵ... ጲጵ።

ባትሪው ተነቅሎ የግቢው በር ጋ ተቀምጧል። ስገባ አይቼዋለሁ።

ከላዬ፣ በሹክሹክታ...

«ጋሼ... አዩት?»

እግሬ አውጪኝ አልኩ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ልብ ይገዛል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቢሮ ገባሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የአደጋው መንስኤ፣ የሹፌሩ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት።»

የኤሊ ፍጥነት!

ባለንብረቱ በኢንሹራንሱ አዲስ መኪና ገዛ። የኤሊ ሚስት ቢሮዬ መጣች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ አይሮጥም ነበር» አለችኝ።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ወረቀቱ የሚለው ነው» አልኳት። ወረቀቱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። እንደዚያን ቀን ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

ይሄን የምጽፍላችሁ ዛሬ፣ ከዚያው ቢሮ፣ ከዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ስምንት ሰዓት ነው። ዝናብ ይጥላል።

ቅድም ከመስኮቴ ሥር ክላክስ ሁለቴ ጮኸ። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ አላለችም።

ተነሥቼ አየሁ። ግቢው ባዶ ነው።

ግን ዝናቡ ግቢውን ሁሉ ሲያጥለቀልቀው አንድ ቦታ ደረቅ ነው። ረጅም፣ አራት ማዕዘን... የተሳቢ መኪና ያህል።

ከደረቁ ቦታ ወደ ሕንፃው በር የሚመጡ የጫማ ዱካዎች አሉ። እነሱም ደረቅ ናቸው። ዝናቡ አያርሳቸውም።

አሁን ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማኛል።

አይሮጥም... በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።