ጆይስቲኩን የለቀቀው

ነጅሙዲን መጋላ ሰፈር ባለው የጌም ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ የተላጠ ሽቦ እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜውን ኤሌክትሪክ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ዋና ማብሪያ ሳያጠፋ ሽቦ አይነካም። አጥፍቶታል፤ መልሶ ያበራው ሌላ ሰው ነው።

በር ላይ ለስላሳ የምትሸጠው እህቱ ሲሃም ከውጭ ማንም እንዳልገባ ምላለች። ውስጥ የነበሩት ሦስት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው፤ ወርሳሜ፣ ሙስአብና ነህምያ። ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልቶ የነበረው ወርሳሜ ታስሯል፤ መርማሪዋን ኢንስፔክተር የሺአረግንም አለቃዋ ምርመራውን ጨርሰሽ ልጁን ፍርድ ቤት አቅርቢው እያለ ይነዘንዛታል።

እሷን ያንገበገባት ግን ምስክሮቿ ናቸው። ዓይን አላቸው፣ ያዩት ግን ስክሪን ብቻ ነው። ማን እንደተነሳ ስትጠይቅ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ይነግሯታል። ከድንጋይ ጋር ማውራት ይሻል ነበር፤ ድንጋይ ቢያንስ ስለ ኦፍሳይድ አይከራከርም።

«መብራት ሲጠፋ ምን አደረጋችሁ?» አለችው ነህምያን፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«ምን እናደርጋለን አቦ! ቴሌቪዥኑ ይጠፋል እንጂ ጌሙ በባትሪ ትንሽ ይቆያል። ጆይስቲክ ይዞ መጠበቅ ነው። የለቀቀ ተራው ያልፋል፣ የቤቱ ሕግ ነው።»

«ወርሳሜና ሙስአብ ሲጫወቱ አንተ ግን ተራ ጠባቂ ነበርክ።»

«ነበርኩ። ሲበራ ጆይስቲኩ እኔ እጅ ነበር፤ ሦስት ለባዶ እየመራሁ ከወርሳሜ ጋር ጨረስነው።»

«ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ጨዋታው መች ጠየቅሽኝ?»

የሺአረግ ጥርሷን ነክሳ ማስታወሻዋን ዘጋች። ከዚያ ሁሉንም ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ወርሳሜም በካቴና መጣ።

«ጎረቤት ያለው ፀጉር ቤት መብራቱ አልጠፋም» አለች። «ስለዚህ ማብሪያውን ያጠፋው ራሱ ነጅሙዲን ነው። እዚህ መጋረጃው ስለተዘጋ ጨለመ። ወርሳሜ ጆይስቲኩን አልለቀቀም፤ ቢለቅ ኖሮ ጨዋታውን ባልቀጠለ። ነህምያ የተጣለውን በጨለማ አነሳ፤ ሲበራም እጁ ላይ ነበር። ጥሎ የተነሳው አንድ ሰው ነው። ሙስአብ፣ ሦስት ለባዶ እየመራህ ድልህን ሌላ ሰው ሲወስድብህ ለምን አልተከራከርክም?»

ሙስአብ አንገቱን ደፋ። «ወርሳሜን አንድ ቀን እንኳ አሸንፌው አላውቅም። ባትሪው ካለቀ ጎሎቼ ይጠፋሉ። ነጅሙዲን ‹ቆይ፣ አታብራ› አለኝ። ወላሂ፣ ልገድለው አልነበረም። አበራሁት፣ ጩኸቱን ሰማሁ፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ዋጠው፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።»

የሺአረግ የወርሳሜን ካቴና ፈታች። ሲሃም ወደ ሙስአብ ቀረበች።

«ወንድሜ እዚያ ወድቆ፣ አንተ ጨዋታው እስኪያልቅ ቁጭ ብለህ አየህ?»

«አየሁ» አለ ሙስአብ።