ሹም ያልተቀመጠበት አውጫጭኝ

ዕለቱ ረቡዕ፥ የካቲት ሃያ ሰባት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፥ ወቅቱም ዐቢይ ጾም ነበር። የአቃቂ ወንዝ በበጋው ከስቶ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘል ቀጭን ውሃ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግን ሌትና ቀን እንደ ክረምት ጎርፍ ያጓራ ነበር። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውላ ማደሯን የምትጠራጠር ከተማ ሆና ነበር፤ ታክሲ ነጂዎችና አስተማሪዎች አድማ መትተዋል፤ ወታደሩ በየጦር ሰፈሩ አጉረምርሟል፤ ካቢኔው ከወረደም ሳምንት ያህል ሆኖታል። የአቃቂ ሰው ይህን ሁሉ በሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ሲሰማም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ። የጠዋቱ ፈረቃ ሴቶች ከነጠላቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እያራገፉ ወደ በሩ መጡ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። የዘበኞች አለቃ ግራዝማች ሀብተሚካኤል የብረቱን መዝጊያ ቆልፈው፥ ቁልፉን በካፖርታቸው ኪስ ከትተው ቆመው ነበር።

ግራዝማች የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። በአምስቱ የጠላት ዘመን በዱር በገደል ተዋግተዋል፤ ከነጻነት በኋላ ማዕረግ ተሰጥቷቸው በኮዬ በኩል ለስምንት ዓመት ምስለኔ ሆነው ገዝተዋል፤ ሹመቱ ለሌላ ሲተላለፍ ፋብሪካው ቤት ሰጥቶ ለዘበኞች አለቃነት ወሰዳቸው። ከዘበኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ አንድ የሚወዱት ወሬ ነበራቸው፤ «እኔ ምስለኔ ሳለሁ ሌባ አያመልጥም ነበር፤ አውጫጭኝ እጠራለሁ፤ ባገሩ ያለው ሰው በሙሉ በአንድ አጥር ይከተታል፤ ሳይበላ ሳይጠጣ ይቀመጣል፤ አንድ በአንድ እየተጠራ የሚያውቀውን ‹ወፍ ነገረችኝ› ብሎ ይናገራል፤ ወፏ ማን እንደሆነች ማንም አይጠይቅም፤ በሦስተኛው ቀን ሌባው ይታወቃል» ይሉ ነበር። ይህ ወሬ ነው ዞሮ ዞሮ ከሥራ አስኪያጁ ጆሮ የገባው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍቅሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ገና ወጣት ሰው ነበር። በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ግራዝማችን ቢሮው አስጠርቶ፥ ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣቸው።

«ሁለት ጣቃ አቡጀዴ ጠፍቷል፤ ያንን የአገራችንን ዘዴ ዛሬ ያሳዩን እንጂ ግራዝማች።»

«አውጫጭኙን? መቼም የማውቀው ሥራ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው።

«ወፏ ደግሞ ሰዓዳን ብትጠራ ነገሩ ቶሎ ያልቃል» አለና አቶ ፍቅሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈጥኖ ደራሽ ይመጣል። ስም ካለ አንዷን ይወስዳል፤ ስም ከሌለ የጠዋቱን ፈረቃ አርባ ሁለት ሴቶች በሙሉ ጭኖ ይሄዳል። የእርስዎም ጡረታ ደርሷል፤ ያቺን ቤት በስንብት ሲለቁ ማየት አልሻም።»

ግራዝማች ከወንበራቸው ተነሥተው ወጡ። ሰዓዳን ያውቋታል፤ ከስልጤ መጥታ አጎቷ ዘንድ የምትኖር፥ በማታ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል የደረሰች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈታይ ነበረች። በበሩ ሴቶችን የሚዳብሱት ፈታሾች ወንዶች መሆናቸው ይቅር፥ በምትካቸው ሴት ትቁም ብላ በወረቀት ጽፋ፥ አርባ ሁለቱን ሴቶች በየተራ በአውራ ጣታቸው ያስፈረመች እሷ ናት።

እነሆ ሴቶቹ በጥጥ መጋዘኑ ፊት በመሬት ላይ ተቀመጡ። ግራዝማች በወንበር ላይ ተሰይመው፥ በግራ በቀኝ ዘበኞቻቸውን አቁመው፥ የአውጫጭኙን ሥርዓት በጥንቱ አነጋገር አወጁ።

ሰዓዳ እጇን አነሣች። «ግራዝማች፥ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ተናገሪ።»

«ጣቃ እኮ ሕፃን ልጅ ያህላል። በየቀኑ እስከ ጡታችን እየዳበሱን የሚፈትሹ ሰዎች በበሩ ቆመው ሳለ በየትኛው ቀሚስ ውስጥ ነው ያለፈው?»

«በሉላ ቀሚስ ይሆናል!» አለች አንዷ ከኋላ።

«እኔ የዘጠኝ ወር እርጉዝ ሳለሁ እንኳ ጣቃ አላህልም ነበር» አለች ሉላ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ሉላ አራስነቷን ከጨረሰች ሁለት ወር ያልሞላት እናት ነበረች።

«ዝም በሉ! ቀልድ ቤት መሰላችሁ?» አለ የግራዝማች ምክትል አጥናፉ ዱላውን እየወዘወዘ።

ሰዓዳ ግን አልተቀመጠችም። «አባቴ ባገራችን ሁለት ጊዜ አውጫጭኝ ተቀምጧል። ባለ ርስቱም፥ ጭቃ ሹሙም፥ ዳኛውም አጥር ውስጥ ይገባሉ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው ብሎ ነግሮኛል። እውነት ነው ወይስ ዋሽቶኛል?»

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እውነት ነበር። ሆኖም በስምንት ዓመት ምስለኔነታቸው ይህን አንድ ሰው እንኳ ጠይቋቸው አያውቅም፤ ሳይጠየቁ በመኖራቸውም ራሳቸው ረስተውት ነበር።

«አባትሽ አልዋሸም» አሉ በመጨረሻ፤ «ይህ ግን ፋብሪካ ነው።»

«እንግዲያስ የፋብሪካ ሕግ አምጡልን» አለችና ተቀመጠች።

ጥሪው ተጀመረ። የመጀመሪያይቱ ሴት ወደ ወንበራቸው ቀረበች።

«ወፍ ምን ነገረችሽ?»

«ያልተቀመጠውን ሰው ጠይቁ አለችኝ።»

ሁለተኛይቱም መጣች፤ «ያልተቀመጠውን ሰው ጠይቁ» አለች። ሦስተኛይቱም፥ ዐሥረኛይቱም፥ ሃያኛይቱም እንዲሁ አሉ። አንዳንዷ እየፈራች፥ አንዳንዷ ዓይናቸውን ትኩር ብላ እያየች ትናገራለች፤ ቃሉ ግን አይለወጥም። አጥናፉ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ፥ «መክረውብናል ጌታዬ፤ አንዷን ብንገርፍ ሌላዋ ትዘረግፋለች» አላቸው። ግራዝማች እጃቸውን አንሥተው ከለከሉት።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሰዓዳ ለሶላት ውሃ ጠየቀች። «ልጠጣው አይደለም፤ ለውዱእ ነው» ስትል አንድ ባልዲ አስመጡላት። ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ታጥባ ስትሰግድ የተረፈው ውሃ በመካከላቸው ቀረ። በእንፋሎት በሚሞቀው ክፍል ሲሠሩ የዋሉት ሴቶች ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ክርስቲያኖቹም ከንጋት ጀምሮ ጾመው ነበር፤ አንዲት እንኳ እጇን ወደ ባልዲው አልሰደደችም።

«ጠጡ እንጂ» አሏቸው ግራዝማች።

«በአውጫጭኝ ውሃ ይጠጣል?» አለች ሰዓዳ። «እኛ ሕጉን እያፈረስን አይደለም ግራዝማች።»

ይህ ቃል ከዱላ ይልቅ መታቸው። ወዲያው በዐይነ ሕሊናቸው የኮዬን ሜዳ አዩ፤ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አንድ በሬ ጠፍቶ መንደሩን ሁሉ በአጥር ከትተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ደክመው፥ ልጆቹ በረሃብ ሲያለቅሱ፥ ወፏ የአንድ ሰው ስም ጠራች፤ ዱጉማ። ዱጉማ ከሌላ አገር መጥቶ የሚያርስ ወገን የሌለው ሰው ነበር፤ «አልሰረቅሁም» እያለ አርባ ተገረፈ፤ ለበሬውም ዋጋ ብቸኛዋ ላሙ ተወሰደች። ክረምቱ ሲወጣ የበሬው አጥንት ከነገመዱ ከገደል ሥር ተገኘ። ግራዝማች ሄደው በዓይናቸው አይተዋል፤ አይተውም አፈር አልብሰውት ተመልሰዋል። ስለ አውጫጭኝ ሲያወሩ ይህችን ብቻ አያወሩም ነበር።

ፀሐይ ወደ ፉሪ ተራራ ስታዘነብል ከበሩ ውጭ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። የሉላ እናት ሕፃኑን ታቅፈው መጥተው ነበር፤ «ከጠዋት ጀምሮ ጡት አላየም! እናንተ ሰዎች፥ አምላክ የላችሁም?» እያሉ በሩን በእጃቸው ደበደቡ። ሉላ ብድግ አለች፤ የቀሚሷ ደረት በወተት ርሶ ነበር።

ግራዝማች ቁልፉን አወጡ። «ውጪ ልጄ፤ ሄደሽ አጥቢ።»

ሉላ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ቆመች፤ ሴቶቹን አየች፤ ተመልሳ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ብቻዬን ከወጣሁ ነገ ‹ወፏ እሷ ናት› ነው የምባለው። አልወጣም።»

«ማንም አይልሽም፤ ውጪ» አለቻት ሰዓዳ ቀስ ብላ።

«አልወጣም አልኩ!»

ሕፃኑ ይጮኻል። አጥናፉ ሳይቀር ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ግራዝማች በሩን ከፍተው ወጡ፤ ከአሮጊቷ እጅ ሕፃኑን ተቀበሉ፤ የሰባት ልጅ አባት ሲሆኑ አንዱንም እንዲህ ታቅፈው አያውቁም ነበርና ጭንቅላቱን መደገፍ አላወቁበትም። «በክንድዎ! በክንድዎ ያንተርሱት!» ብለው አሮጊቷ ጮኹባቸው። እንደተባሉት አደረጉ። ተመልሰው ገቡ፤ ሕፃኑን ለእናቱ ሰጡ፤ ከዚያም ወደ ወንበራቸው ሳይሄዱ አጥናፉንና ዘበኞቹን አስወጥተው በሩን ከውስጥ ቆለፉና ካፖርታቸውን ሰብስበው ከሴቶቹ መካከል በመሬት ላይ ተቀመጡ።

«አጥናፉ፥ ሥራ አስኪያጁን ጥራ። አውጫጭኝ እየጠበቀዎ ነው በለው» አሉ።

አቶ ፍቅሩ ከበሩ ውጭ ካለው ቢሮው መጥቶ በበሩ የብረት ፍርግርግ ወዲያ ማዶ ቆመ። ግራዝማችን በመሬት ላይ ሲያይ መጀመሪያ የታመሙ መሰለው።

«ምን ሆነው ነው? ስሙ ተገኘ?»

«አርባ ሁለቱም አንድ ቃል ተናግረዋል፤ ያልተቀመጠውን ሰው ጠይቁ ብለዋል። እኔ ተቀምጫለሁ፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት። ይግቡ።»

«ይቀልዳሉ?» ፊቱ ቀላ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ጧት የተነጋገርነውን ረሱት?»

ሰዓዳ ቀና ብላ ተመለከተቻቸው። ምን እንደተነጋገሩ አታውቅም ነበር፤ ግን ስሟ እንዳለበት የገባት ትመስላለች። ግራዝማችም አዩአት፤ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ መለሱ፤ «አልረሳሁም። ወፏ ሰዓዳን ትጥራ ብለውኝ ነበር። እኔ እንዲህ ያለች ወፍ አንድ ጊዜ ሰምቼ ሰው አስገርፌያለሁ፤ ሁለተኛ አልሰማም። ሹም ያልተቀመጠበት አውጫጭኝ ፈርሷል።»

በዚህ መካከል የካሚዮን ድምፅ መጣ። ሴቶቹ ተጠጋጉ፤ አንዷ የሌላዋን እጅ ያዘች፤ «ነይ፥ ነይ ወደዚህ» ሲባባሉ ይሰማል። ሃያ የሚሆኑ ፖሊሶች ዱላቸውን ይዘው ከካሚዮኑ ዘለሉ፤ ሻምበላቸው ወደ ፍርግርጉ ቀረበ። ለብዙ ቀን ያልተኛ ሰው ዓይን ነበረው።

«ሌባው ማን ነው?» አለ።

«የተገኘ ስም የለም፤ ሁሉንም ጫኑ» አለ አቶ ፍቅሩ።

ሻምበሉ በውስጥ ያሉትን ቆጠረ፤ በግራዝማች ደረት ላይ ካለው የአርበኝነት ኒሻን ሲደርስ ቆመ። «አባቴ፥ አንቱ ከዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ከተከሰሱት ጋር ነኝ። ከጫንህ አርባ ሦስት ነን፤ ሕፃኑን ስትጨምር አርባ አራት። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ መስበር ትችላለህ።»

 ሻምበሉ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ፤ በዚያ ሳምንት ትእዛዝ ሰጪዎቹ ራሳቸው ነገ የት እንደሚሆኑ አያውቁም ነበር። «ነገ ጧት ስም ይዛችሁ ጠብቁን» አለና ሰዎቹን ወደ ካሚዮኑ መለሰ። ካሚዮኑ ከአቃቂ ድልድይ ማዶ ተሰወረ። ከዚያ ሰዓዳ ባልዲውን አንሥታ መጀመሪያ ለግራዝማች አቀረበች።

«አሁን ይጠጣል» አለቻቸው። ግራዝማችም ጠጥተው ቁልፉን አወጡና በሩን ለሁሉም ከፈቱ።

በማግሥቱ የካቲት ሃያ ስምንት ቀን፥ በአገሪቱ ሁሉ ሠራተኛው ሥራ አቆመ። ስም ሊቀበል የመጣ ካሚዮን አልነበረም፤ የፋብሪካው ፊሽካም ለአራት ቀን አልጮኸም። ሥራው ሲጀመር በበሩ አንዲት ሴት ፈታሽ ቆማ ተገኘች፤ ሰዓዳም ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ግራዝማች ሀብተሚካኤል ግን የስንብት ደብዳቤ ተቀበሉ፤ ቤቱንም በሳምንት ውስጥ ለቀቁ።

ዕቃቸውን ከልጃቸው ቤት ካስገቡ በኋላ በትራቸውን ይዘው ወደ ኮዬ ሄዱ። ዱጉማ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ልጁ ሮሪሳ የጤፍ ገለባ ከሚከምርበት አውድማ አጠገብ ቆሞ ተቀበላቸው፤ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር።

«አባትህ ሌባ አልነበረም። በሬው በገደል ሞቶ አይቼ ዝም ያልሁ እኔ ነኝ» አሉት።

 ሮሪሳ መንሹን መሬት ላይ ተከለ። «አባቴ የተገረፈው ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ነው» አለ፤ «ለእኔ በጆሮዬ ቢነግሩኝ ምን ይጠቅመዋል? ሰፈሩን ልጥራ፤ በፊታቸው ይቀመጡና ይናገሩ።»

ግራዝማች በትራቸውን ጣሉ። «ጥራ» አሉት።

መንደሩ ተሰበሰበ፤ እሳቸውም በመሬት ተቀምጠው ተናገሩ። ሲጨርሱ ያጨበጨበ የለም፤ ይቅር ያለም ያላለም ነበረ፤ አንዲት ሽማግሌ ሴት ብቻ፥ «ላሟስ?» ብለው ጠየቁ።

የዚያን ዓመት ታሪክ የጻፉ ሰዎች የአራቱን ቀን አድማ ጽፈዋል፤ የወረደውን ዙፋንና የወጣውን ጦር ጽፈዋል፤ ጥቂት ቆይቶ የማዕረግ ስሞች ሁሉ ሲሻሩ ግራዝማችነትም አብሮ እንደቀረ ይታወቃል። የሁለቱ ጣቃ ወሳጅ ማን እንደነበረ ዛሬም የሚያውቅ የለም። የዱጉማ አውድማ በነበረበት ሜዳ ላይ አሁን የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ጧት ጧት ሰው በሚኒባስ ሰልፍ ይቆማል፤ ከሰልፉም መካከል በዚያ አፈር ላይ አንድ ሹም ተቀምጦ እንደነበረ የሚያውቅ አይገኝም።