ሃሌሉያ የተባለለት ሽልማት

ናዖድን የሰደበው ወንድም ንጉሤ ነው፣ የመዘምራኑ መሪ። እሑድ ጁን 9 ቀን 1996፣ ኦክላንድ ባለችው ቸርቻቸው በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የነውር ተሸላሚ ልጅ!» አለው። ናዖድ የክራቫቱን ቀለም ሳይቀር አይረሳም።

ነገሩን ያመጣው የእናቱ ደስታ ነው። በምስክርነት ሰዓት ከቦርሳዋ የመስታወት ሽልማት አወጣች። «ባለቤቴን ሳን ሆዜ ያለው ፋብሪካው ሸለመው፤ ክብር ለጌታ!» አዳራሹ «ሃሌሉያ!» አለ። መስታወቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ንጉሤ እጅ ሲገባ ግን የተቀረጸበት እንግሊዝኛ ጮክ ተብሎ ተነበበ፦ ከጌይና ሌዝቢያን ሠራተኞች ጎን ለቆመ። ሃሌሉያ ያለ አፍ ሁሉ ተዘጋ።

አባቱ ተድላ ያደረገው ይህን ነው፦ ዳኒ የሚባለው ጌይ የሥራ ባልደረባው ታሞ ሲከሳ፣ ሌሎቹ በሽታውን ፈርተው ምሳቸውን ይዘው ከጠረጴዛው ሸሹ። ተድላ ብቻ አብሮት በላ። ዳኒ ክረምቱን አላለፈም። አባቱ ግን ዛሬም የሁለት ሰው ምሳ ይዞ ይሄዳል፤ ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። ዳኒ ቤት ሲደውል፣ ማታም ቢሆን፣ ተድላ ያስተማረውን «እንደምን አደርክ ጌታው!» ነበር የሚለው። አሁንም ስልክ በጮኸ ቁጥር ናዖድ ያን ሰላምታ የሚሰማ ይመስለዋል።

ዛሬ ደግሞ ቀጣዩ እሑድ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ንጉሤ የናዖድን የመዘምራን ልብስ ኮሌታ አስተካከለለት።

«ስማኝ፣ ብቻህን የምትዘምረውን ሶሎ ለሌላው ዘማሪ፣ ለዮሚፍ፣ መስጠት አልፈልግም። ማይኩን ስትይዝ አንድ ነገር በል፤ አባቴ እንግሊዝኛ አይገባውም፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው የተቀበለው በል። በቃ፣ ኬዙ ይዘጋል።»

«ኖ ጋሼ፣ ያውቃል'ኮ።»

«ያውቃል ካልክማ ባሰ!» ሳቀ። «እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘህ እልኸኛ አትሁን። እሺ በለኝ።»

ናዖድ ያን የሶሎ መዝሙር ከገና ጀምሮ ነበር ያጠናው። ሻወር ውስጥ፣ አውቶብስ ውስጥ፣ እናቱ «ኧረ ጆሮዬን!» እስክትል።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። እናቱ ከፊት፣ አንገቷን ደፍታ። አባቱ መጨረሻው ረድፍ ላይ። በቀኙ ሰው የለም፤ በግራውም።

ቢሮው ውስጥ ስልክ ጮኸ። የሚያነሳው ጠፋ። ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ።

ናዖድ የመዘምራን ልብሱን አወለቀ፤ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው።

«ወዴት ነው? አንተን'ኮ ነው!»

በመሃል መተላለፊያው ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደ።