ለሴት የማይወርድ ማዕረግ

የምሳው ደወል ሁለት ጊዜ ተደወለ፤ ሴፕቲመስ ፔል ግን ከገበታው አልቀረበም። በስታርክዌል ቤት የእሑድ ምሳ ላይ ማርፈድ ነውር ነው። ሽማግሌው ሎርድ ኤቨራርድ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠረጴዛውን በሹካቸው ማንኳኳት ጀመሩ። የበጉ ጥብስ እየቀዘቀዘ ነበር።

«ኦብሪ፣ እስቲ ሄደህ ጥራው» አለች ልጃቸው ሆኖሪያ። «መቼም ብራና ከያዘ ረሃብም አይሰማው።»

የሎርዱ የወንድም ልጅ ኦብሪ እያጉረመረመ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ሞቷል» አለ። «ከመሰላሉ ሥር ተዘርግቷል። ጭንቅላቱ... ኧረ ሐኪም ጥሩ! ግን ምን ያደርጋል፣ በርዷል።»

ፔል የቤተሰቡን ታሪክ ሊጽፍ ከለንደን የመጣ ምሁር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በግንቡ አናት ባለው የሰነድ ክፍል ተቀምጦ ስምንት ባሮኖች ትተውት ያለፉትን ወረቀት ሲያገላብጥ ከርሟል። ስምንተኛው ኤቨራርድ ናቸው። አንድያ ወንድ ልጃቸው ሊዮኔል በፈረንሳይ ጦር ሜዳ ከወደቀ ስምንት ዓመት አልፎታል። የስታርክዌል ማዕረግ ለወንድ እንጂ ለሴት አይወርድም፤ ቤቱና መሬቱም ማዕረጉን ተከትለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሽማግሌው ዓይናቸውን በከደኑ ማግስት ሁሉም የኦብሪ ነው። ኦብሪም ሐሳቡን ደብቆ አያውቅም፤ ቤቱን አፍርሶ ድንጋዩን ሊሸጥ ነው።

ሆኖሪያ አርባ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ሃያ ስምንት ዓመት ያንን ቤት በጫንቃዋ ተሸክማለች። የአባቷን ደብዳቤ የምትጽፍ፣ ያረጁ ሰነዶችን የምትገለብጥ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምትመታ እሷ ናት። በሃያ ሁለት ዓመቷ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ለጋብቻ ቢጠይቃት አባቷ «ታዲያ ቤቱን ማን ሊይዘው ነው?» ብለው መልሰውታል። አባቷ ሲሞቱ የት እንደምትገባ ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከአሥር ቀን በፊት ከአንድ አሮጌ ሣጥን ሥር ብራና ተገኘ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በንጉሥ ማኅተም የተሰጠ፣ «ወንድ ልጅ ቢታጣ ማዕረጉ ለሴት ልጅ ይተላለፍ» የሚል። የለንደኑ ቅጂ በእሳት ከወደመው መዝገብ ጋር ጠፍቷል ተባለ። ፔል ፎቶግራፍ አስነስቶ ለቤተሰቡ ጠበቆች ላከና ዓርብ በእራት ላይ ዜናውን ተናገረ። ሎርዱ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ኦብሪ ግን የወይን ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ወርውሮ ሰበረው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ኢድሪስ ፕሮሰር ደረሰ። የዌልስ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው። በልጅነቱ ጉድጓድ ውስጥ የፈነዳ ድማሚት ግራ ጆሮውን ስላደነቆረው ሰው ሲያናግር ቀኝ ጎኑን ያዞራል። ሰዎችም እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ደግሞ ካሰቡት በላይ ይናገራሉ።

«መቼም ወድቆ ነው፣ ጌታዬ» አለ የቀበሌው ፖሊስ፣ ወደ መሰላሉ እያመለከተ።

ፕሮሰር ጎንበስ አለ። የመሰላሉ እርከኖች ሁሉ አቧራ ለብሰዋል፤ የጫማ ዱካ የለባቸውም።

«ካልወጣበት መሰላል የወደቀ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ።

ከመደርደሪያው ላይ የቤተሰቡን የነሐስ ማኅተም አነሳ። እንደ መዶሻ ይከብዳል። በዙሪያው ያለው ዕቃ ሁሉ አቧራ ጠጥቷል፤ እሱ ብቻ ተወልውሏል። ምድጃው ውስጥ የተኮማተረ የተቃጠለ ቆዳና የቀለጠ ሰም አገኘ፤ ያ ብራና መሆኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ውሃና ቀጭን ብሩሽ ተቀምጠዋል። የሟቹን ቀኝ እጅ ገልብጦ ሲያይ በአመልካች ጣቱ ጫፍ ላይ ቡናማ የቀለም እድፍ አለ። በመጨረሻም ከተከመሩት የመሬት ውሎች አንዱ ትኩረቱን ሳበው፤ የታችኛው ባዶ ክፍሉ በመቀስ ተቆርጦ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ገና ነጭ ነበር።

መጀመሪያ ኦብሪን ጠራ።

«ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም።»

«እኔና እግዚአብሔር ከተኳረፍን ቆይተናል።»

«ወደ ግንቡ ግን ሲወጡ ወጥ ቤቷ አይታለች።»

«ወጥቻለሁ! ለቅዳሴው ሲደወል ነው የወጣሁት። ልሰድበው ነበር። ሰውዬው ግን አዝኖ አገኘሁት። ‹ሚስተር ኦብሪ፣ እርስዎ ከምሳ በኋላ ደስ ይልዎታል፤ እኔን ግን ደስ አይለኝም› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ትቼው ወረድኩ።»

«ሌላ የሰማ ሰው አለ?»

ኦብሪ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «የለም። አየህ፣ አንተም አታምነኝም። ዓርብ ብርጭቆ ሰበርኩ፣ እሑድ ሰው ሞተ፣ ብራናው ተቃጠለ። እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን ራሴን እሰቅል ነበር።»

ሆኖሪያን ያገኛት በልብስ ማስቀመጫው ክፍል የገበታ ጨርቅ ስታጥፍ ነው።

«ብራናው በመቃጠሉ ሐዘንዎ ከባድ ይሆናል፣ እመቤቴ።»

«ፎቶግራፉ አለ» አለች ቀና ሳትል። «ለማዕረጉ ክርክር እሱ ይበቃል፤ ጠበቆቹ ነግረውኛል።»

«መቼ?»

እጇ ለአፍታ ቆመ። «ምን አሉኝ?»

«ምንም። ጆሮዬ ነው፣ አንዳንዴ ያስቸግረኛል።»

ሰኞ ረፋድ ላይ ፕሮሰር ወደ ቄስ ቶላንድ ቤት ሄዶ ሻይ ተቀዳለት፤ ዳቦና የፕለም ጃምም ቀረበለት። ቤተ ክርስቲያኑ በስታርክዌል ግቢ ውስጥ ነው፤ ከግንቡ የሚያርቀው ሃምሳ እርምጃ ያህል ብቻ ነው።

«እመቤት ሆኖሪያ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን አልወጣችም?»

«ምን በወጣት! ከስብከቴ በፊትም በኋላም ኦርጋኑን መትታለች።»

«በስብከቱ ጊዜስ?»

«በስብከት መሃል ኦርጋን ማን ይመታል፣ ልጄ?»

«ኦርጋኑ መጋረጃ አለው፤ ከኋላውም በር አለ። ስንት ደቂቃ ሰበኩ፣ አባ?»

ቄሱ ፈገግ አሉ። «የሚወዱኝ ሠላሳ ይላሉ። አርባ ነበር።» ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። «አንድ ነገር ግን... ከስብከቱ በኋላ ቀድመን የዘመርነውን መዝሙር ደግማ ጀመረችው። በሃያ ዓመት አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። ደክሟት ነው ብዬ...»

ፕሮሰር የጃሙን ብልቃጥ አዟዟረው። ወረቀቱ ላይ የጃሙ ስም በጥንታዊ፣ ጭራው ረጅም በሆነ ፊደል ተጽፏል።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እሷ ናት። ለደብሩ ሰው ሁሉ ታከፋፍላለች።»

«ወረቀቱን ልላጠው?»

«ጃሙን ትተህ ወረቀቱን?»

«ጃሙም ግሩም ነው» አለ ፕሮሰር፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ከዚያ ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ለንደን ላሉት ጠበቆች ደወለ። የፎቶግራፉ ቅጂ በማግስቱ ጠዋት ባቡር ደረሰው።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በቤተ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። ውጭ ዝናብ ይጥላል። ሎርድ ኤቨራርድ ከምድጃው አጠገብ፣ ሆኖሪያ ከወንበራቸው ጀርባ፣ ቄሱ በመስኮቱ በኩል፣ ኦብሪ በፖሊሱ አጠገብ ነበሩ።

«ያንን ሰውዬ ቶሎ ውሰድልኝ» አሉ ሎርዱ ኦብሪን በከዘራቸው እያመለከቱ።

«ጌታዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ ነበር ያሰብኩት፤ አንድ ነገር እስኪከነክነኝ ድረስ» አለ ፕሮሰር። «ኦብሪ የብራናው ጠላት ነው። ግን ፎቶግራፉ ቀድሞ ለንደን ገብቷል፤ ሁላችሁም ዓርብ ሰምታችኋል። ታዲያ ብራናውን ቢያቃጥል ምን ያተርፋል? ቃሉ እንዳለ ነው። ፎቶግራፍ ቃሉን ያሳያል፤ ቀለሙ የዛሬ ይሁን የጥንት ግን አያሳይም። ስለዚህ ብራናውን ያቃጠለው ሰው ቃሉ እንዲታመን፣ ቆዳው ግን እንዳይመረመር የሚፈልግ ነው።»

ፕሮሰር ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«ፔል ቀለሙን በውሃ ፈትኖታል። ጣቱ ላይ ነክቶታል። ሁለት መቶ ዓመት የደረቀ የብራና ቀለም በእርጥብ ጣት አይለቅም። ቆዳው አሮጌ ነው፤ ከመሬት ውል ላይ ተቆርጧል። ጽሕፈቱ ግን አዲስ ነው። ለኦብሪ ‹ደስ ይልዎታል› ያለውም ለዚህ ነው፤ ሐሰት መሆኑን ከምሳ በኋላ ሊናገር ነበር። ኦብሪ ሊገድለው ምክንያት አልነበረውም፤ ሟቹ ለእሱ የምሥራች ይዞ ነበር።»

የጃሙን ወረቀትና ፎቶግራፉን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ያው ፊደል፣ ያው ጭራ። እንግዲህ ጊዜው። ኦብሪ ግንቡ ላይ የነበረው ቅዳሴው ሳይጀመር ነው። ሐኪሙ ፔል የሞተው ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው ይላል፤ ያኔ ስብከት ላይ ነበሩ። ከመጋረጃው ኋላ በበሩ ወጥቶ ሃምሳ እርምጃ መሄድና መመለስ ለአርባ ደቂቃ ብዙ አይደለም። ተመልሶ ግን የትኛው መዝሙር እንደቀረ ማስታወስ ያስቸግራል።»

ቄሱ «አቤቱ ጌታ ሆይ» ብለው ተቀመጡ።

«የመጨረሻው ይህ ነው፣ እመቤቴ። ጠበቆቹ ፎቶግራፉ ይበቃል ብለዋል አሉኝ። አዎ፣ ነግረውዎታል። የነገሩዎት ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከፖስታ ቤት ሲደውሉ ነው። ‹ብራናው ድንገት ቢጠፋስ?› ብለው ጠየቁ። ያኔ ብራናው ደኅና ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።»

ሆኖሪያ እጇን ከአባቷ ወንበር ላይ አነሳች። አልካደችም።

«ቅዳሜ ጠዋት ጠራኝ» አለች። «‹እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ ከነገርኳቸው ያዋርዱዎታል› አለኝ። ደግ ሰው ነበር። የከፋውም እሱ ነው። ባለጌ ቢሆን ኖሮ... ብራናውን ላቃጥል እንጂ ልገድለው አልወጣሁም። እግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት። ‹ጥቂት ዓመት ብቻ ነው፣ እስክሞት፤ ከእኔ በኋላ ወራሽ የለኝ፣ ለኦብሪ ይሁን› አልኩት። እያለቀሰ አይሆንም አለኝ። ከዚያ ኮቱን ሊያነሳ ጀርባውን ሰጠኝ። ሰው ሁሉ ዕድሜዬን ሙሉ እንደሰጠኝ። ማኅተሙ እጄ ላይ ነበር።»

«እኔንስ?» አለ ኦብሪ፣ በቁልምጫ ስሟ እየጠራት። «እኔን ሊሰቅሉኝ ነበር እኮ፣ ኖራ!»

«አውቃለሁ» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ልናገር እያልኩ ጨርቅ ሳጥፍ ነበር።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ሎርድ ኤቨራርድ ልጃቸውን አላዩም። ዓይናቸው ፎቶግራፉ ላይ ተተክሎ ነበር።

«እንግዲያ ሐሰት ነው?» አሉ። «ማዕረጉ... ማዕረጉ ለዚህ ልጅ ሊሆን ነው?»

ሆኖሪያ ጎንበስ ብላ በዚያ ሁልጊዜ በምታናግራቸው ትዕግሥተኛ ድምፅ በጆሯቸው መለሰች። «አዎ፣ አባባ። ለኦብሪ ነው። እኔ ደግሞ የምሰቀል ይመስለኛል።»

«ሊዮኔል ቢኖር» አሉ ሎርዱ፣ «ሊዮኔል ቢኖር ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

የፕሮሰር ደኅናው ጆሮ ያንን ሰምቶ ነበር። የሆኖሪያን ክንድ በቀስታ ያዘ።

ሆኖሪያ አልተሰቀለችም፤ የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላት። አባቷ ከገና በፊት ሞቱ፤ እስከ መጨረሻው ስሟን አላነሱም። ኦብሪ ዘጠነኛው ባሮን ሆነ። ወህኒ ቤት ሄዶ የሚጠይቃት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ለምን እንደሚሄድ ቄስ ቶላንድ አንድ ቀን ቢጠይቁት፣ «እሷ ልትታሰር ሳለ አጎቴ ስለ ማዕረጉ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ እኮ፣ አባ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለ።

በመጀመሪያው የበጋ ጉብኝት ከሽቦው ወዲያ ሆና ስለ ጤናው አልጠየቀችውም።

«የምሥራቁ ክንፍ ጣሪያ ያፈሳል» አለች። «ከመኸር በፊት ካልተጠገነ የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ይሻግታል። ሠራተኞቹ ላይ ራስህ ቁምባቸው፤ ሰነፎች ናቸው።»

«አስጠግኜዋለሁ» አላት ኦብሪ።

«በደንብ?»

«በደንብ፣ ኖራ። አንዲት ጠብታ አይገባም።»

የስታርክዌል ቤት ከፈረሰ አራት ወር ሆኖት ነበር።