አንድ ጥርስ ወደ ግራ

«በቃ፣ ሰንሰለቱ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል» አለ አባቷ እጁን በአሮጌ ጨርቅ እየጠረገ። «ታጥቤ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው።»

ፊውዝ «እሺ» አለችው። በጓሮው በር በኩል ወደ ቤት እስኪገባ ጠበቀችና የተከፈተው ሞተር ላይ ጎንበስ አለች። ቁጭ አላለም። በሁለቱ አዳዲስ ካምሻፍቶች ጫፍ ላይ ባሉት ጥርሳም መዘውሮች ላይ ትናንሽ ነጥቦች አሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ከተቀባው የሰንሰለቱ ቀለበት ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት። የቀኙ ገጥሟል፤ የግራው በአንድ ጥርስ ወደ ቀኝ አልፏል።

ለማያውቅ ሰው አንድ ጥርስ ምን ቁም ነገር አለው? አባቷ ግን ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል ብሎ አስተምሯታል። ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ እንቁላል በሚመስሉ ጉብታዎቹ ቫልቮቹን ተራ በተራ እየተጫነ አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን በር ይከፍታል። እነዚህ አዲሶቹ ደግሞ ለእሽቅድምድም የተሠሩ ናቸው፤ ጉብታቸው ከፍ ስለሚል ቫልቩን ጠለቅ አድርገው ይገፉታል፣ መኪናው ብዙ አየር ይስባል፣ ይፈረጥጣል። ችግሩ ሰዓታቸው ከተዛባ ነው። ያኔ ወደ ታች የወረደው ቫልቭና ወደ ላይ የሚመጣው ፒስተን መንገድ ላይ ይገናኛሉ፣ ሲገናኙም ሰላምታ አይለዋወጡም።

ከቤት ውስጥ የቧንቧው ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ፊውዝ የሰንሰለቱን መወጠሪያ አላላች፣ ዘንጉን በመፍቻ ይዛ በቀስታ አዞረች፣ ሰንሰለቱን ብድግ አድርጋ መዘውሩን አንድ ጥርስ ወደ ግራ መለሰችው። መወጠሪያውን እንደነበረ አጥብቃ ስትጨርስ ውሃው ቆመ። መፍቻውን ወደ ነበረበት መለሰችው።

ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። በሕፃንነቷ ነገር አልጥም ሲላት ጧ ብላ ትቃጠል ነበር። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዛሬም አልተሻላትም፤ የሒሳብ መምህሯ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት እጇን ሳታወጣ የቀረችበት ቀን የለም። አባቷ ላይ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ዝም አለች። ሐሙስ ዕለት ዘንጉን ከላይ የሚይዙትን ባለ ቁጥር መያዣዎች ሲገጥም ሦስተኛውንና አራተኛውን አቀያየረ፤ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ መለሰቻቸው። ዓርብ መሃል ላይ ያለውን አንድ ብሎን ሳያጠብቅ አለፈው፤ እሱንም አጠበቀችው። ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ሰንሰለቱ።

አባቷ ሃያ ስድስት ዓመት መካኒክ ነበር። ከስምንት ወር በፊት ጋራዡ ሥራ ቀዝቅዟል ብሎ አሰናበተው። ዓይኑ መድከም የጀመረው ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ ፊውዝ አታውቅም። የምታውቀው ብሎኖችን በጣቱ እየዳበሰ እንደሚለይ፣ ሰው ሲመጣ በድምፁ እስኪያውቀው ድረስ ዝም እንደሚልና ስለዓይኑ አንድም ቀን አፍ አውጥቶ እንዳልተናገረ ነው። በዚህ መሃል የጋራዡ ባለቤት፣ አባቷ አለቃ የሚለው ሰውዬ፣ አዲሶቹን ካምሻፍቶች የገዛ መኪናው ላይ ጭኖ መጣ። «እቤትህ ሆነህ ግጠምልኝ። ካማረልኝ ያኔ እንነጋገራለን» አለው። ፈተና መሆኑን ሦስቱም፣ እናቷም ጭምር፣ ገብቷቸዋል።

አባቷ ታጥቦ ሲመጣ ሞተሩን በቀጥታ አላስነሳም። እሱ ዘንድ ሕግ አለ፦ ከማስነሳት በፊት ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ፣ የሚጋጭ ነገር ካለ እንዲታወቅ። ረጅሙን መፍቻ ከታች ባለው ትልቅ ብሎን ላይ ሰካና ዓይኑን ጨፍኖ በዝግታ አዞረው። አንድ ዙር። ሁለት። ምንም አልያዘውም።

«አየሽ?» አላት። «እጅ የለመደውን አይረሳም።»

«አዎ፣ አባዬ» አለች። የሰው ዕቃ ሰርቃ የተመሰገነች ያህል አፈረች።

አለቃ ከሰዓት በኋላ መጣ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሣ፣ እንደ ድሮው ለስለስ ብሎ ሳይሆን ዱግ ዱግ፣ ዱግ ዱግ እያለ፣ የዕቃ ቤቱን ቆርቆሮ እያንቀጠቀጠ። የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተንጠላጠሉ። አለቃ ነዳጁን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ አደረገና ኮፈኑን ራሱ ዘጋው።

«ይመችህ» አለ። «እኔ እኮ እቤት ተቀምጦ ዛገ ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ና። የፍሬን ክፍሉን የያዘው ልጅ ለቆብኛል። የተማሪ ማመላለሻዎቹ ሰባቱም በዚህ ሳምንት ፍሬናቸው ይፈታል፣ ካንተ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

አባቷ ሳቀ። ፊውዝ ይህን ሳቅ ከሰማች ቆይታለች፣ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ሰባቱም የሷ ትምህርት ቤት ማመላለሻዎች ናቸው። ሦስተኛው ላይ በየጠዋቱ የምትሳፈረው ራሷ ናት፣ ከጎኗ የምትቀመጠው ደግሞ ገና አንደኛ ክፍል ያለች፣ የምሳ ዕቃዋን አቅፋ የምትተኛ ልጅ ናት። በሞተር አንድ ጥርስ ቢሳሳቱ የሚሰበረው ብረት ነው።

እሑድ ጠዋት እናቷ ጓሮ የአባቷን የሥራ ልብስ ስታጥብ ፊውዝ ውሃ እየቀዳች አጠገቧ ቆመች።

«እማዬ፣ ሞተሩን እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

እናቷ ማሸቷን አላቆመችም። «ምኑን?»

«ሦስት ነገር ተሳስቶ ነበር። አይታየውም።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ። «አንድ ቀን ስኳር ብሎ ጨው የጨመረበት ሻይ አምጥቶልኛል። ከነጨው ጠጣሁለት።» ትንሽ ፈገግ ልትል ፈለገችና አልሆነላትም። «ስምንት ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የከረመ ሰው ዛሬ ጢሙን ሲላጭ አፏጨ። ምን ብዬ ልንገረው? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እንደዚያ ሆኖብኛል።»

«ሰኞ እኮ ፍሬን ነው የሚሠራው።»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ሳምንት ይሥራና ራሱ ይደርስበታል።»

«እስከዚያስ?»

እናቷ ሱሪውን ጨመቀችው፣ ውሃው አልቆም እያለ እንደገና ጨመቀችው።

ከምሳ በኋላ አባቷ በረንዳው ላይ መሣሪያዎቹን ዘርግቶ ለሰኞ ያዘጋጅ ነበር። እያንዳንዱን መፍቻ በአውራ ጣቱ ይዳብስና በመጠኑ ቅደም ተከተል ሳጥን ውስጥ ይደረድራል። አንዱንም አልሳተም። ፊውዝ ይህን ቆማ ስታይ ጨርሶ ልትተወው ደርሳ ነበር። በእጁ የሚያይ ሰው፣ ብላ አሰበች፣ ማን ያውቃል፣ ይችል ይሆናል።

«ነይ እስቲ፣ ተቀመጪ» አላት ኮቴዋን ሰምቶ። «አንቺም እጅሽ ላይ ነገር አለ። ከትምህርት ቤት ስትወጪ ጋራዡ ብቅ እያልሽ ታግዢኛለሽ። አለቃን አስፈቅደዋለሁ።»

እንግዲህ መውጫው ይኸው ነበር። እሱ ሲሳሳት እሷ ታቃናለች፣ ማንም አያውቅም፣ ማንም አያለቅስም። ፊውዝ ነገሩን ሊገዛው እንደሚፈልግ ሰው አገላብጣ አየችው። ግን ትምህርት ቤት የምትወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ማመላለሻዎቹ ጠዋት ተፈትተው፣ ጠዋት ተገጥመው፣ በዘጠኝ ሰዓት ልጆቹን ጭነው መንገድ ላይ ናቸው።

«አባዬ» አለች። «የግራው ነጥብ አልገጠመም ነበር። ልትታጠብ ስትገባ እኔ ነኝ የመለስኩት። አንድ ጥርስ።»

የያዘው መፍቻ አየር ላይ ቀረ።

«የትኛው ነጥብ?»

«የካምሻፍቱ። ሰንሰለቱ በአንድ ጥርስ አልፎ ነበር።»

«እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ እናትሽ ሆድ ውስጥ እንኳ አልነበርሽም» አለ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር። «ብትተዪውም እኮ በእጄ ሳዞረው ይይዘኝ ነበር። ሁለት ዙር የማዞረው ለዚህ አይደል? ራሴ አገኘው ነበር።»

«ታገኘው ነበር» አለች ፊውዝ። እውነቷን ነው፣ ሳያገኘው አይቀርም ነበር። «ፍሬን ግን በእጅ አይዞርም፣ አባዬ። የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው።»

አባቷ ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ። እዚያ የሚያየው ነገር እንደሌለ ታውቃለች። እናቷ በሩ ጋ መጥታ ቆማ ነበር፣ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ አድርጋ። ልጇን አልተቆጣችም፣ ወደ ውስጥም አልተመለሰች።

«አንዴ ነው?» አለ አባቷ በመጨረሻ። «ይቺ ብቻ ናት አይደል?»

አጠያየቁ ልመና ነበር። «አዎ» የምትለው ቃል አፏ ላይ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች፣ ታሳዝናለች፣ ቀላልም ናት። አንድ ስሕተት ማንንም ያጋጥማል፤ አንዴ ከሆነ ሰኞ መሄድ ይችላል። ፊውዝ እንባዋ ሲመጣ አላበሰችውም፣ ለነገሩ አይታየውም ብላ አሰበችና በሐሳቧ ደነገጠች።

«ሦስቴ ነው» አለችው። ከዚያ ከሐሙሱ ጀምራ ነገረችው፤ የተቀያየሩትን መያዣዎች፣ የላላውን ብሎን፣ ሁሉንም ምን ሰዓት እንደነበረና እሱ የት ሄዶ እንደነበረ ጭምር። አላሳነሰችም፣ አላጋነነችም።

አባቷ መፍቻውን ሳጥን ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ አስቀመጠው። ሁለቱን መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«መሃሉ ላይ ያለው ፈዟል» አለ። «ዙሪያው ይታየኛል። የማየው ነገር ላይ ሳተኩር እሱ ራሱ ይጠፋብኛል። እያደር ይተወኛል ብዬ ነበር።» መፍቻውን በእግሩ ራቅ አደረገው። «ሐኪም ጋ ያልሄድኩት እንዳይነግረኝ ነው።»

«አብረን እንሄዳለን» አለች እናቷ ከበሩ።

እምቢ አላላትም። የደረት ኪሱን ዳብሶ ስልኩን አወጣና ይዞት ቀረ።

«ለአለቃስ ማን ይንገረው? እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ፊውዝ ልትነግርለት ትችል ነበር። ቃላቱን ሁሉ ታውቃቸዋለች፣ ለስለስ አድርጋ ትላቸው ነበር፣ እሱ አንድም ነገር መናገር ሳያስፈልገው ያልቅ ነበር። ግን የሱን ሥራ ተደብቃ ስትሠራለት ሦስት ቀን ሆኗታል።

«አንተ ንገረው» አለችና ወደ አጠገቡ ተጠጋች። «እኔ ቁጥሩን አወጣልሃለሁ።»

ስልኩን ሰጣት።