የዘገየ ሰላምታ

እናኑ ጠዋት ጠዋት ተራራው ላይ ያለው የመገናኛ ጣቢያ ስትደርስ በሩን ከፍታ፣ የጀነሬተሩን ነዳጅ አይታ፣ መልእክት ከጣቢያ ጣቢያ የሚያሳልፈው ራውተር ፊት ትቀመጣለች። ባሏ ጫኔ ከማዶው ተራራ ላይ የእሷን መሰል ጣቢያ ይጠብቅ ነበር፤ በክረምቱ ናዳው እሱንም ጣቢያውንም ይዞ ገደል ገባ፣ አስከሬኑም አልተገኘም። ለቅሶ የመጣው ሰው "ምነው ይቺ ሴት እንባም የላት!" ብሎ አማት። ምን ታድርግ? ደርቃ ቀርታለች።

ራውተሮች እንግዲህ እንደ ሰው ናቸው፤ ሰላም ሳይባባሉ ጎረቤት አይሆኑም። አንዱ በየጥቂት ሰከንዱ ሰላምታ ይልካል፣ ሌላው የእሱን ስም ጠርቶ ይመልሳል። ሰላምታው ከቀረ ትንሽ ይጠበቅና "ሞቷል" ይባላል፤ የመልእክቱም መንገድ በሌላ በኩል ይዞራል። የሁለቱ የሰላምታ ፍጥነት እኩል ካልሆነ ደግሞ አንዱ ሌላውን ቢሰማም አይቀበለውም።

ጉሙ መስኮቱን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ ክፍሉ እርጥብ አፈር አፈር እየሸተተ፣ ከጫኔ ጣቢያ ሰላምታ መጣ። ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ ሻይዋ ቀዘቀዘ። ራውተሩ ፍጥነቱ አይገጥምም ብሎ መለሰው።

ከተማ ላለው አለቃዋ ደወለች።

"ኢንጂነር ሙሉቀን፣ ጫኔ ሰላም እያለኝ ነው።"

"እናኑ እኅቴ፣ እዚያ እኮ የቀረ ነገር የለም!" አላት ደንግጦ። "በእግዜር፣ ፍጥነቱን እንዳትነኪ። እኛም የምናገኝሽ በዚያው መስመር ነው፤ ከእሱ እኩል ከዘገየሽ ከእኛ ትጠፊያለሽ።"

"እሺ" ብላ ዘጋች። ግን አፈር ሥር ሆኖ እየጠራት ቢሆንስ? አንድ ጊዜ ብቻ ስሟን ይጥራት እንጂ የቀረው እንዳሻው ይሁን! ፍጥነቱን ከእሱ ጋር አስተካከለች።

የራውተሩ ማራገቢያ ጉርምርምታ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ አንድ ረጅም ማቃሰት እስኪመስል ድረስ ወረደ። ቀጣዩ ሰላምታ የእሷን ስም ይዞ መጣ፣ ጎረቤትነቱ ጸና፣ ራውተሮቹም የሚያውቁትን ሁሉ ተለዋወጡ፤ ስክሪኑ ላይ ጣቢያ ተተክሎባቸው የማያውቁ ቦታዎች ስም አንድ በአንድ ይወርድ ጀመር፤ ከጀርባዋም ጭቃ የያዘ ጫማ ከወለል ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ መጣ። አልዞረችም።

"መጣህ?" አለች።

የመስኮቱ ብርሃን ጠፋ፣ በራ፣ ደግሞ ጠፋ፣ ደግሞ በራ፤ ቀኑ በቅጽበት ይመሽና ይነጋ ነበር። በሩ ተከፈተና ሙሉቀን እየሮጠ ገባ፤ ስሟን ሲጠራ ድምፁ እንደ ወፍ ቀጥኖ ተሰማት። ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈ፣ ጠበቀ፣ ራሱን ነቀነቀ።

እናኑ "አለሁ" ለማለት ትንፋሽ መሳብ ጀመረች፤ ስባ ሳትጨርስ የመጀመሪያው አፈር የሬሳ ሳጥኗ ላይ ወደቀ።